የአኗኗር ዘይቤና የሴቶች ሜታቦሊክ ጤና

የሜታቦሊክ ጤና ማለት ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ስኳርና ስብ በአግባቡ መጠቀም፣ ማከማቸትና ማመጣጠን የሚችልበት ሁኔታ ነው። ይህ ሚዛን ሲዛባ በደም ውስጥ ያለው የስኳርና የስብ መጠን ይጨምራል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ በሆድ ዙሪያም ስብ ይከማቻል። መዛባቱ ለብዙ ዓመታት ሕመም ሳይሰማ ሊቆይ ይችላል። ውሎ አድሮ ግን ወደ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ፣ ወደ ልብና ደም ሥር በሽታ፣ ወደ ስትሮክ፣ እንዲሁም በጉበት ላይ ስብ ወደ መከማቸት ሊያመራ ይችላል።

የሴቶች ሜታቦሊክ ጤና ከወንዶቹ የሚለይባቸው ነጥቦች አሉ። የወር አበባ፣ እርግዝና፣ ጡት ማጥባትና ማረጥ እያንዳንዳቸው ሰውነት ስኳርንና ስብን የሚይዝበትን መንገድ ይለውጣሉ። ጉዳቱም እኩል አይደለም። የስኳር በሽታ በወንዶችም በሴቶችም ላይ የልብ ሕመምን አደጋ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ትንታኔ ግን ይህ ጭማሪ በሴቶች ላይ ከወንዶች በ44 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ የአመጋገብ፣ የእንቅስቃሴና የእንቅልፍ ልማድ ለሴቶች ከውፍረትና ከመልክ ያለፈ ጉዳይ ነው።

ትርጓሜና መለኪያዎች

አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ሪቨን እ.ኤ.አ. በ1988 የኢንሱሊን መቋቋም፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የደም ስብ መዛባት በአንድ ሰው ላይ ተሰባስበው የሚታዩበትን ሁኔታ «ሲንድሮም ኤክስ» ብሎ ጠራው። ዛሬ ይህ ሁኔታ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፍ የጤና ማኅበራት በጋራ በተስማሙበት ትርጓሜ መሠረት ከሚከተሉት አምስት ምልክቶች ሦስቱ የተገኙባት ሴት ሜታቦሊክ ሲንድሮም አለባት ይባላል።

• የወገብ ዙሪያ ከመጠን በላይ መሆን፦ መጠኑ እንደ ሕዝቡ ይለያያል። ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያን ሴቶች 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወሰዳል።
• በደም ውስጥ ያለ ትራይግሊሰራይድ የተባለ ስብ 150 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ መሆን።
• ጥሩ ኮሌስትሮል የሚባለው ኤችዲኤል ከ50 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች መሆን (ለወንዶች ከ40 በታች)።
• የደም ግፊት 130 በ85 እና ከዚያ በላይ መሆን።
• ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር 100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ መሆን።

ለአንዱ ምልክት መድኃኒት የምትወስድ ሴት ልኬቷ የተስተካከለ ቢሆንም ምልክቱ እንዳለባት ይቆጠራል። ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር ከ100 እስከ 125 ከሆነ ቅድመ ስኳር በሽታ ይባላል፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ደግሞ የስኳር በሽታ ነው።

ወገብ የሚለካው ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል ነው። ሜትሩ ሳይጠብቅና ሳይላላ በአግድም ይዞራል፤ የሚነበበውም ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ነው። የሰውነት ክብደት ብቻውን ሙሉውን መረጃ አይሰጥም። ክብደታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሴቶች መካከል ስቧ በሆዷ የተከማቸባት በዳሌዋና በጭኗ ከተከማቸባት ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠች ናት።

በሰውነት ውስጥ የሚካሄደው ሂደት

ምግብ ከተበላ በኋላ ስኳር (ግሉኮስ) ወደ ደም ይገባል። ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ኢንሱሊን ጡንቻና የስብ ሕዋሳት ስኳሩን ከደም እንዲወስዱ፣ ጉበት ደግሞ ተጨማሪ ስኳር ማውጣቱን እንዲያቆም ያዛል። ሕዋሳት ለዚህ ትእዛዝ የሚሰጡት ምላሽ ሲዳከም የኢንሱሊን መቋቋም ተፈጠረ ይባላል።

በዚህ ጊዜ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን በማመንጨት ጉድለቱን ለመሸፈን ይሞክራል። ይህ እስከቻለ ድረስ የደም ስኳር ልኬት ደኅና ይመስላል። ቆሽት ሲደክም ግን የስኳሩ መጠን ከፍ ይላል። የስኳር በሽታ በምርመራ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሂደቱ ከተጀመረ ከዓመታት በኋላ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

በሆድ ዕቃ መካከል የሚከማች ስብ ለዚህ መዛባት ትልቅ ድርሻ አለው። ከዚያ የሚለቀቀው ስብ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ ስብም የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል። ከቆዳ በታች በዳሌና በጭን የሚቀመጥ ስብ በአንጻሩ እንደ ማከማቻ ስለሚያገለግል ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

በሴቶች የሕይወት ዘመን የሚታዩ ለውጦች

የወር አበባ ዕድሜ

ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ስብ ከሆድ ይልቅ በዳሌና በጭን እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ ለኢንሱሊን የሚሰጠውንም ምላሽ ያግዛል። በዚህ ዕድሜ ከሚታዩት የሜታቦሊክ ችግሮች አንዱ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ነው። ምልክቶቹ የወር አበባ መዛባት፣ በፊትና በሰውነት ላይ ወፍራም ፀጉር መብቀል፣ ብጉርና ለመፀነስ መቸገር ናቸው። ብዙዎቹ ሕመምተኞች የኢንሱሊን መቋቋም አለባቸው። በመሆኑም የወር አበባ መዛባት የማሕፀን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ከታየ የደም ስኳር ምርመራው ሊዘነጋ ይችላል።

እርግዝና

በእርግዝና ሁለተኛ አጋማሽ ከእንግዴ ልጅ የሚመነጩ ሆርሞኖች የእናትን ሰውነት ኢንሱሊንን እንዲቋቋም ያደርጉታል። ዓላማው ለፅንሱ በቂ ስኳር እንዲደርሰው ማድረግ ነው። የእናትየው ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን ማመንጨት ካልቻለ የእርግዝና ስኳር በሽታ ይከሰታል። ይህ በሽታ ሕፃኑ ከመጠን በላይ እንዲገዝፍና ምጡ እንዲከብድ ሊያደርግ ይችላል፤ አዲስ የተወለደው ሕፃን የደም ስኳርም ሊያንስ ይችላል።

ከወሊድ በኋላ የእናት የደም ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሆኖም ጉዳዩ በዚያ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጥናቶች ስብስብ የእርግዝና ስኳር በሽታ የነበረባቸው ሴቶች ኋላ በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ካልነበረባቸው ሴቶች ሰባት እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ከወለዱ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና መመርመር፣ ከዚያም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ መለካት ይመከራል። ብዙ እናቶች ግን ልጃቸውን ለክትባት በሚያመላልሱበት በዚህ ወቅት ራሳቸው ሳይመረመሩ ይቀራሉ።

ጡት ማጥባት

ወተት ለማምረት የእናት ሰውነት በቀን እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ይጠቀማል። ረዘም ላለ ጊዜ ያጠቡ ሴቶች ኋላ በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑ በተለያዩ አገሮች ጥናቶች ታይቷል።

ማረጥ

ማረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይከሰታል። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ስብ ከዳሌ ይልቅ በሆድ ዙሪያ መከማቸት ይጀምራል፤ ጎጂው ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) ከፍ ይላል፤ የጡንቻ መጠንም ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል። ክብደቷ ብዙ ያልተለወጠ ሴት እንኳ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሲጠባት ልታይ ትችላለች።

ከመወለድ በፊት ያለ ሁኔታ

የሜታቦሊክ ጤና መነሻ ከልደት በፊት ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በኔዘርላንድ በደረሰው ረሃብ ጊዜ በማሕፀን የነበሩ ሰዎች በጉልምስናቸው የደም ስኳራቸውን የማመጣጠን ችሎታቸው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። በሰሜን ኢትዮጵያ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶችም በማሕፀን ሳሉ ለረሃብ በተጋለጡ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ዝምድና አግኝተዋል። በዚያ ዘመን የተወለዱት ሴቶች አሁን ወደ ማረጥ ዕድሜ እየተቃረቡ ነው።

ዋና ዋና የአኗኗር ሁኔታዎች

አመጋገብ

በሴቶች ላይ ከተደረጉት ታላላቅ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የተጀመረው የነርሶች የጤና ጥናት ነው። ከዚህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ዘገባ 84,941 ሴቶችን ለ16 ዓመታት ተከታትሏል። ዘገባው በጥናቱ ወቅት ከታዩት የዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ሕመሞች 91 በመቶ የሚሆኑት ከክብደት፣ ከምግብ፣ ከእንቅስቃሴ ማነስ፣ ከማጨስና ከአልኮል ልማድ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገምቷል። ከሁሉም የበለጠ ክብደት የነበረው ምክንያት የሰውነት ውፍረት ነው።

የለስላሳ መጠጥ ጉዳት በተለይ በግልጽ ታይቷል። ከ91,000 በላይ ነርሶችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ሌላ ጥናት በቀን አንድ ወይም ከዚያ በላይ በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ የሚጠጡ ሴቶች በወር ከአንድ በታች ከሚጠጡት ይልቅ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ83 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቷል። ፈሳሽ ስኳር በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ የጥጋብ ስሜቱም አነስተኛ ስለሆነ ሰው ከምግቡ አይቀንስም።

የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ ዝቅተኛው መጠን 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። በአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት አቦል፣ ቶናና በረካን እያንዳንዳቸው በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የምትጠጣ ሴት በአንድ ቁጭታ ይህን መጠን ትጨርሰዋለች። ቡናው ራሱ ጎጂ አይደለም። ቡና የሚጠጡ ሰዎች በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን የሚያሳዩ ብዙ ጥናቶች አሉ።

ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ያልተፈተገ እህልና ለውዝ የበዛበት ምግብ የደም ስኳርን ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። የተጣራ ዱቄት፣ ጣፋጭና ብዙ ዘይት ያለበት ጥብስ ደግሞ በተቃራኒው ነው።

የአካል እንቅስቃሴ

ከምግብ በኋላ በኢንሱሊን አማካይነት ከደም ከሚወጣው ስኳር ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ጡንቻ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን እገዛም ስኳር ማስገባት ይችላል። በእግር መሄድ ክብደት ባይቀንስም እንኳ የደም ስኳርን የሚያወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ በእጅ መውቀጥና ረጅም መንገድ መሄድ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራሉ። ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ግን ራሱን የቻለ ችግር ነው። ቀኑን ሙሉ ጉሊት ላይ የምትውል ነጋዴ፣ የቢሮ ሠራተኛና የልብስ ስፌት ሠራተኛ ሁሉም ደክመው ይመለሳሉ፤ ጡንቻቸው ግን ብዙውን ሰዓት አልሠራም።

እንቅልፍና የሌሊት ሥራ

የእንቅልፍ ማጠር የረሃብ ስሜትን ይጨምራል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽም ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ሙከራ ጤነኛ ሴቶች ለስድስት ሳምንታት ከወትሮው እንቅልፋቸው በየሌሊቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀነስባቸው የኢንሱሊን መቋቋማቸው በ15 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ጭማሪው ባረጡት ሴቶች ላይ ከፍ ያለ ነበር።

በነርሶች የጤና ጥናት ውስጥ ተራ እየገቡ ሌሊት የሚሠሩ ሴቶች በሠሩባቸው ዓመታት ቁጥር ልክ የስኳር በሽታ አደጋቸው እየጨመረ ሄዷል። የጭማሪው አንዱ ክፍል ክብደት በመጨመራቸው የመጣ ነው። ሕፃን የምታጠባ፣ ሕመምተኛ የምታስታምም ወይም ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ ሴትም ደመወዝ ባይከፈላትም የእንቅልፍ እጦቱ ይደርስባታል።

ጭንቀት፣ ትምባሆና አልኮል

የቆየ ጭንቀት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል። ይህ ሆርሞን ጉበት ስኳር እንዲያወጣና ስብ በሆድ እንዲከማች ያግዛል። ማጨስም የኢንሱሊን መቋቋምን ያባብሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ትንታኔ የሚያጨሱ ሴቶች የልብ ሕመም አደጋ ጭማሪ ከሚያጨሱ ወንዶች በ25 በመቶ እንደሚበልጥ አመልክቷል። አልኮል ሲበዛ የደም ግፊትን፣ ትራይግሊሰራይድንና የጉበት ስብን ይጨምራል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የምግብ እጥረትና ውፍረት ጎን ለጎን ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከመጠን በታች ቀጫጭን፣ 8 በመቶው ደግሞ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ወይም ወፍራም መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከመጠን በላይ ክብደት የነበራቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ችግሩ በከተማ ጎልቶ ይታያል፤ በ2016ቱ ጥናት ድርሻው በከተማ 21 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ ነበር።

የአገሪቱ ባህላዊ ምግብ ለሜታቦሊክ ጤና የሚበጅ መሠረት አለው። የጤፍ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ገለባው ሳይለይ ይፈጫል፤ በዚህም የጤፍ እንጀራ ያልተፈተገ እህል ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ከእሱ ጋር ሲቀርቡ አሰር፣ ፕሮቲንና ማዕድን ይገኝባቸዋል። በከተሞች ይህን ገበታ እየለወጡት ያሉት ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ለስላሳ፣ ብስኩትና በብዛት የሚገባው የፓልም ዘይት ናቸው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ የረጋ ስብ ነው።

የጾም ምግብ ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ በመሆኑ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ይሁንና በነጭ ዳቦ፣ በስኳር ሻይና በዘይት በተጠበሰ ምግብ ከተተካ ጥቅሙ ይጠፋል። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከጾም በፊት ሐኪሟን ማማከር ይገባታል፤ ለረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየት የደም ስኳርን እስከ አደጋ ሊያወርደው ይችላል።

የአራስ እንክብካቤም ከጉዳዩ ጋር ይገናኛል። ገንፎ በቅቤና አጥሚት ለወለደች ሴት ጉልበት ለመመለስ የሚሰጡ ናቸው። ደም ለፈሰሳትና ለምታጠባ እናት በቂ ምግብ ያስፈልጋታል። የእርግዝና ስኳር በሽታ ለነበረባት ግን በአጥሚቱ የሚጨመረውን ስኳር መቀነስና አትክልትና ጥራጥሬ መጨመር የሚሻል ነው።

ውፍረት በብዙ ቦታ የምቾትና የጤና ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ መክሳት ደግሞ የበሽታ። ይህ አመለካከት በሁለት በኩል ሊያሳስት ይችላል። ሆዷ የሰፋ ሴት «ደልቷታል» ተብላ ሳትመረመር ትቀራለች። ቀጭን ሴት ደግሞ የስኳር በሽታ አይነካትም ተብሎ ይታሰባል፤ በኢትዮጵያ ግን ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ቀጫጭኖች ናቸው።

በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን

የአኗኗር ለውጥ የሚያመጣው ተጽዕኖ በተለይ የተጠናው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት በወጣት ስደተኞቹ ላይ ያልተጠበቀ ብዛት ያለው የስኳር በሽታ እንዳገኘ ዘግቧል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ በሽታው ከሌሎች እስራኤላውያን ይልቅ ዝቅ ባለ የሰውነት ክብደት እንደሚታይ አሳይተዋል። ስለዚህ ለሌሎች ሕዝቦች የተቀመጠውን የክብደት ገደብ ብቻ ተከትሎ ምርመራን ማዘግየት በኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በሽታውን ሊያስመልጥ ይችላል።

መከላከል

የአኗኗር ለውጥ በሽታውን ሊያዘገይ እንደሚችል በሙከራ ተረጋግጧል። በአሜሪካ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ፕሮግራም ለበሽታው የተጋለጡ 3,234 ሰዎችን አካቷል፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በአኗኗር ለውጥ የተመደቡት ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደገፉ። ወደ ሦስት ዓመት ገደማ በሆነ ክትትል በእነዚህ ሰዎች ላይ በሽታው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት በወሰዱት ላይ በ31 በመቶ ቀንሷል። ቀደም ሲል የእርግዝና ስኳር በሽታ በነበረባቸው ሴቶች ላይ ሁለቱም ዘዴዎች አደጋውን በግማሽ ያህል ቀንሰዋል። 70 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ሴት 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

በዚህ ሙከራ ተሳታፊዎቹ ምክር ብቻ አልተሰጣቸውም፤ የሚከታተላቸው ሰው ነበራቸው። ይህ ለሴቶች ልዩ ትርጉም አለው። ቤት ውስጥ የሚገዛውን ዘይት፣ በሥራ ላይ ያለውን ጨው፣ ለእግር ጉዞ የሚተርፈውን ሰዓትና የእንቅልፉን ርዝመት የምትወስነው ሴቲቱ ብቻዋን አይደለችም። ልጅ የሚይዝ፣ ውኃ የሚቀዳ ወይም እራት የሚያነሣ ሌላ ሰው ሲኖር 30 ደቂቃ መሄድ ይቻላል።

ለምርመራ የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የወገብ ሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሳይበላ የሚወሰድ የደም ስኳር ምርመራና የደም ስብ ምርመራ። በተለይ መመርመር ያለባቸው የእርግዝና ስኳር በሽታ ወይም በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት የነበረባቸው፣ ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ልጅ የወለዱ፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ያለባቸው፣ በቅርብ ቤተሰባቸው የስኳር በሽታ ያለ፣ እንዲሁም ያረጡ ሴቶች ናቸው። ብዙ የውኃ ጥም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስና የዓይን ብዥታ የስኳር በሽታ ምልክቶች ስለሆኑ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድን ይጠይቃሉ።